ስምንት መስመር

አቶ ስለሺ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ማብራትና ማጥፋቱን ብቻ ነው። ፈርዶባቸው ግን፣ የአሶሳው መድኃኒት መጋዘን ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ሆኑ። ከተሳሳቱ ሆሞሻ ያለች ወላድ መድኃኒት አለ ተብላ መጥታ ባዶ መደርደሪያ ይጠብቃታል። ይህ ሐሳብ ሰላም ነስቷቸዋል።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ አስማማው፣ ስንዝር የሚባለውን አዲስ ቋንቋ ይዞ መጣ። ያለቀውን መድኃኒት ለይቶ የሚናገር ፕሮግራም በስምንት መስመር ጻፈ፤ እዚያው ፊታቸው ሠራ። የመጋዘኑ ፕሮግራመር ኢቲዳል በለመደችው አሮጌ ቋንቋ ያንኑ ለመጻፍ ስልሳ መስመር ፈጀባት።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለ አስማማው።

«ትልቁ ቀረ» አለች ኢቲዳል። «ይሄ አንድ መጋዘን ነው። ጉባ አለ፣ ሆሞሻ አለ፣ ወንበራ አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሦስት ቀኑ መዝገብ በፍላሽ ሆኖ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። የትናንቱ ከዛሬው በኋላ ይደርሳል። ያኔ ስምንቷ መስመር ስምንት ሺህ ትሆናለች። በስንዝር ደግሞ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሰዋል። ወላሂ ይወድቃል።»

አስማማው ሳቀ። «እህቴ፣ በስንዝር ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሚበቃኝ በላይ።»

አቶ ስለሺ አላመኗትም። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ቋንቋ የሠራች ሴት አዲሱን ብትፈራ ምን ይገርማል? እንጀራዋ ነዋ! ትንሽ ቅናትም ሳይኖርባት አይቀርም። አስማማው አንድ መስመር ጨምሮ ፕሮግራሙ ሲቆምበት፣ ኢቲዳል በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «አምስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ወስዶታል» አለች። እውነትም እዚያው ነበር። አጥንታ መጥታለች ብለው አለፉት።

«ተይ እንግዲህ ኢቲዳል» አሏት። «ለሥራሽ ከሆነ ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን።»

«አያባርሩኝ አላልኩም፤ ያባርሩኝ። እኔ ግን የሰው መድኃኒት በዚህ ቋንቋ አልጽፍም፤ ሌላ ሰው ቢጽፈውም አልፈርምም።»

አቶ ስለሺ ተናደዱ። በዚያ ሙቀት ላይ ግትር ሰው ተጨምሮ እንዴት ይቻላል? አስማማውም ደሙ ፈላ።

«እንግዲያው የቋንቋው ፈጣሪ ራሱ ይፍረድ» አለ። «ሰውዬው ማንነቱን አይናገርም እንጂ ኢሜይል ለጻፈለት ሁሉ ይመልሳል።»

«ይፍረድ።»

«ለትልቅ ሥራ ይሆናል ካለ ትለቂያለሽ?»

«አይሆንም ከተባለስ፣ አንተ ስንዝርህን ይዘህ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ» አለና ጥያቄውን ጽፎ፣ ለአቶ ስለሺ አሳይቶ ላከው።

ኢቲዳል ቦርሳዋ ውስጥ የጮኸውን ስልኳን አወጣችና ጥያቄውን ቃል በቃል አነበበችላቸው።