የጋኑ ማጠቢያ

ጥሩወርቅ ሥራ ውላ ስትገባ ጉልበቷ አልቆ ነበር፤ ያም ሆኖ ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከፊቱ ተቀመጠች። አልጋ የያዙት አባቷ ጠላ አማረኝ ካሉ ሰንብተዋል። ውሃ ለየቤቱ በጀሪካን መሰፈር ከጀመረ ወዲህ ግን ደሴ ውስጥ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ጠፍቷል፤ የእናቷም ሙያ አብሯቸው ተቀብሯል። ቢቸግራት ቤልጂየም ያሉ፣ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች በኢንተርኔት ካቋቋሙት ማኅበር ገባች።

ማርቲን የሚባሉ ሽማግሌ ከወጥ ቤታቸው ሆነው ተቀበሏት። ንግግራቸውን ስልኩ ወደ አማርኛ፣ የእሷንም ወደ እሳቸው ቋንቋ ይመልሳል።

«እንኳን ደህና መጡ! መጀመሪያ ጋኑን ደጋግመው ይጠቡና ውሃውን ይድፉት» አሏት፣ የራሳቸውን በርሜል ቧንቧ ሥር እያለቀለቁ።

«የሚደፋ ውሃ የለኝም» አለች። «ለመጥመቂያ ያስቀመጥኩትም የገላ መታጠቢያዬን ነው።»

የሰውዬው ፊት ቀላ። ይቅርታ ጠይቀው ቧንቧውን ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ።

«አይዝጉት በያቸው!» አሉ አባቷ ከትራሳቸው ቀና ብለው። «እባክሽ ልጄ፣ ትንሽ ልስማው።»

ማርቲን ግራ ገብቷቸው እጃቸውን መለሱ። ጥሩወርቅ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ከአባቷ ራስጌ አኖረችው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈሰውን ውሃ ሲያዳምጡ ቆዩ፤ የተኮሳተረው ግንባራቸው ቀስ በቀስ ተፈታ።

«አሁን ይዝጉት» አለች በሹክሹክታ። «እንቅልፍ ወስዷቸዋል።»

ከዚያም ተነሥታ ጋኑን በደረቅ ጨርቅ ትወለውል ጀመር።