የጋሽ ክሩም አስረኛ ቀን

ብርጭቆው በርጩማው ላይ ኮሽ ሲል ስቶያንካ ሰማችው፤ እጇን ግን ከጋሽ ክሩም ጀርባ አላነሳችም። ሽማግሌው ዛሬም የአሸዋ ሰዓቱን ገልብጠውታል።

ስቶያንካ ዓይነ ስውር ናት። ስለዚህ በሂሳርያ ከተማ የፍል ውሃ ማገገሚያ ቤት፣ በእሷ ክፍል ደንቡ እንዲህ ነው፦ ታካሚው በደረቱ ይተኛል፣ ከራስጌው በርጩማ ላይ የሃያ ደቂቃ አሸዋ ይቀመጣል፣ አሸዋው ሲያልቅ ታካሚው ራሱ "አለቀ" ይላል፣ እሷም ማሸቷን ታቆማለች። ጋሽ ክሩም አርባ ዓመት ሙሉ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። ባቡር ሁለት ደቂቃ ከዘገየባቸው እራት አይበሉም ነበር አሉ። እንግዲህ እኚሁ ሰው ናቸው ከሦስተኛው ቀን ጀምረው እጃቸውን ቀስ ብለው እየሰደዱ አሸዋውን የሚገለብጡት። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይሰርቃሉ፤ ጉድ እኮ ነው።

ስቶያንካ ያን ዕለት ነው ያወቀችው። ጆሮ አላት፤ የእጅ ሰዓቷም ክዳኑ ተከፍቶ በጣት የሚዳሰስ ነው። ዝም ያለችው አዝናላቸው ነው። የመጀመሪያው ቀን እጇ ሲያርፍባቸው ጀርባቸው ደንግጦ ነበር። "ባለቤቴ ኤሌንካ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ የነካኝ ሰው ፀጉር ቆራጩ ብቻ ነው" አሏት፣ እየሳቁ። ሳቃቸው አንጀቷን በላው።

ትናንት ግን ነገሩ ከረረ። ከጋሽ ክሩም ቀጥላ የምትገባው ዳፊና ናት፤ ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ የዛለ። ወደ መንደሯ የሚሄደው አውቶቡስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልክ በአምስት ሰዓት ይነሳል። እሳቸው የሚሰርቁት ደቂቃ የሚቆረጠው እንግዲህ ከእሷ ነው። ትናንት ጣቶቿ መፍታታት ሲጀምሩ አቋርጣ ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። ስቶያንካ ቀኑን ሙሉ በራሷ ስትናደድ ዋለች። ለአንዱ ያዘነችው ከሌላዋ ቆርሳ ነው።

ዛሬ የጋሽ ክሩም የመጨረሻ ቀን ነው። ስቶያንካ ቆርጣ ነው የገባችው፦ በሰዓቱ ትጨርሳለች፤ ሰውየውንም አሳፍራ አታስወጣም። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምታደርግ ግን ገና አላወቀችም።

ትከሻቸውን ጨርሳ ወደ ረጅሙ ማሸት ገባች። ከአንገታቸው እስከ ወገባቸው፣ እየዘገየች፣ ክብደቷን እየቀነሰች፣ ሦስት ጊዜ ወረደች። ከዚያ አንሶላውን እስከ ትከሻቸው ሳበችላቸው።

"ጨረስን ጋሼ።"

"ምን? አሸዋው እኮ ገና ነው!" አሉ፣ ቀና ብለው። "ሩብ ያህል አለው። አንቺ ስለማይታይሽ..." ቀሪው አፋቸው ላይ ቀረ።

"አሸዋውን ይተዉት። 'አለቀ' የሚለኝ ጀርባዎ ነው። ግራ ትከሻዎ ላይ የነበረው ቋጠሮ ተፈትቷል፤ ከዚህ በላይ ካሸሁት ያምዎታል።"

ውሸት አልነበረም።

"አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ነገ እኮ የለሁም።"

እጇ ወደ አንሶላው ሊመለስ ምንም አልቀረውም። ጨብጣ አስቀረችው።

"አይሆንም ጋሼ። ይልቅ እርስዎን ነው የምፈልገው። የምትቀጥለው ሴት እጇ ከውጭ ስትገባ በረዶ ነው፤ ሳይሞቅ ከነካሁት ይኮማተርብኛል። አልጋውን እስካነጥፍ በሁለት እጅዎ ይያዙልኝ። አሁን እንደ እርስዎ የሞቀ ሰው በዚህ ቤት የለም።"

 ከዚያ አልጋው ሲጥጥ አለ፤ ተነሱና ሸሚዛቸውን ለበሱ።

ዳፊና ገና ከበሩ ጀመረች። "እኒህ ናቸው እንዴ በኔ ሰዓት የሚተኙት? አንቱ ሰውዬ፣ ትናንት ለአውቶቡስ ያስሮጡኝ ጉልበቴ እስካሁን ይጮሃል!"

ጋሽ ክሩም እንዳጎነበሱ፣ ጫማቸውን እያሰሩ ቀሩ። ይህን አላወቁም ነበር።

"በእኔ ምክንያት ነው?"

"በእኔ ነው" አለች ስቶያንካ ቶሎ ብላ። "ሰዓት መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው።"

አላመኗትም፤ ከአተነፋፈሳቸው አወቀች። ግን ሰው ፊት አልተዋረዱም። ወንበር ሲጎተት ሰማች።

"አምጪ እጅሽን" አሏት ዳፊናን።

"ቀስ! የባቡር ፍሬን መሰልዎት? ጉልበት አጣ እንጂ ሕመምስ ያውቃል።"

"እሺ፣ እሺ። እንዲህ ነው?"

"እንዲህ... አዎ፣ እንዲህ ይሁን። ውይ፣ እንዴት ይሞቃል!"

ስቶያንካ ንጹሑን አንሶላ አነጠፈች፣ ዘይቱን አዘጋጀች። ዳፊና በአልጋው ላይ ተጋድማ ስለ ቃሪያዋ ታወራለች፤ ዘንድሮ በረዶ መትቶባት ግማሹ ወድቋል፤ ምራቷ ደግሞ የተረፈውን ስትጠብስ ታሳርረዋለች። ጋሽ ክሩም "እህ" ይላሉ፣ "ወይ ጉድ" ይላሉ፣ እጇን በሁለት እጃቸው መሐል እንደያዙ።

ስቶያንካ የሰዓቷን ክዳን ከፍታ ዳሰሰች። "በቃ ጋሼ" አለች። ትንሽ ጨምሪልኝ ይሉኛል ብላ ጠበቀች።

 ወንበሩ ሲጎተት አልተሰማም። ዳፊና ምራቷን ማማቱን ቀጠለች፤ ያሳረረችውን ድስት፣ ያባከነችውን ዘይት ቆጠረች፣ ከዚያ ድንገት አቋረጠችው።

"አንቱ ሰውዬ፣ ዝም አሉ እኮ! ይዘውኛል አይደል?"

"ለቅቄሻለሁ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ክሩም። ድምፃቸው የመጣው ከበሩ ነበር፤ እንደ ስቶያንካ ማሸት ክብደታቸውን ጥቂት በጥቂት ቀንሰው ነበር የለቀቋት።

ስቶያንካ የዳፊናን እጅ ከአንሶላው ላይ አነሳችው። እስከ አንጓው ድረስ ሞቋል።