ሠላሳ አንድ ፊርማ

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ማዶ አነበበችለት። «ሥራ እያወከ አስቸግሮናልና ይሰናበትልን» ይላል። የተያያዘውን የፊርማ ወረቀት ግን ብልጭ አድርጋ ብቻ አሳይታው መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

«ሠላሳ አንድ ባልደረቦችህ ናቸው። እኔ ምን ላድርግ?»

አወከ የተባለው፣ ሳሙና ለምንቀቅለው ሁሉ ጓንት ይሰጠን ብሎ ስለጠየቀ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ማመን ተወ። በምሳ ሰዓት ሳቅ ከሰማ በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። የሚያጎርሰውን እጅ ሁሉ፣ ይሄ ይሆን የፈረመብኝ እያለ ያያል። በመጨረሻ ስድስት ዓመት አብሮት የበላውን ይርዳውን ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ያዘው።

«ፊርማህን አይቻታለሁ። ያቺን ጭራዋን የምታስረዝማትን።»

«እኔ? በአንተ ላይ? ምን ቆርጦኝ!» የይርዳው ዓይን እንባ አቀረረ። «ዘንድሮ የፈረምኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የእሳት አደጋ ሥልጠናው ዕለት፣ የተገኘ ሰው ሲመዘገብ። አጠገቤ አልነበርክም እንዴ?»

«ውሸታም!» ብሎት ሄደ።

ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀረበ።

«የፈረሙብኝን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ልጥራቸው» አለ።

ወረቀቱን ሰጡት። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «ይርዳው!» ብሎ ጮኸ።

ከይርዳው ሥር ያለው፣ አሥራ ስምንተኛው ፊርማ፣ የራሱ ነበር።