አንድ ዙር በመርከብ

ኢስታንቡል ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጓደኞቿ ከሥራ ቀርተው ከተማውን ሲያዞሯት ግን ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። መስጊዱን አሳዩዋት፣ ድልድዩን አሳዩዋት፣ መርከብ ላይም ይዘዋት ወጡ። ትርሲት «ፎቶ ላንሳሽ» ብላ የተቀበለቻትን ስልክ እስካሁን አልመለሰችላትም።

«እስቲ አምጪው፣ ለእማዬ ደውዬ ባሕሩን ላሳያት።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ብዪ!» ትርሲት ዓሣውን በእንጀራ ፈንታ በዳቦ ጠቅልላ ዘረጋችላት። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!»

ያን ጊዜ ትዝ አላት። አምና የትርሲት ወንድም ሲሞት፣ መርዶው ሳይነገራት እህል ትቅመስ ብላ ትርሲትን በዚሁ መርከብ ያሳፈረቻት፣ እንዲህ እየለመነች ያጎረሰቻት እሷ ራሷ ነበረች።

ጉርሻውን በግድ ዋጠችው። መርከቡ ወደ ዳር ሲጠጋ የትርሲትን እጅ ያዘች።

«አንድ ዙር እንጨምር» አለች፤ «እባካችሁ፣ ገና አልጠገብኩም።»