ለአሰላ ዳገት የተመረጠ ዲፈረንሻል

አቶ ተክለሃይማኖት ቀነዓን የናቁት ገና ከጋቢናው ሳይወርድ ነው። አዳማ ውስጥ ዲፈረንሻል ሲፈቱና ሲገጥሙ የሸበቱ ሰው ናቸውና ሰውን የሚመዝኑት በጎማው ነው። የዚህ ልጅ ፒካፕ ጎማ ደግሞ ከትራክተር ላይ የተፈታ ይመስላል።

«ያምራል» አሉ። «ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር።»

«ችግሩ እሱ ነው ጋሼ። ጎማው ከተቀየረ ወዲህ ዳገት ላይ ይሞታል፤ ቱርቦውም ቶሎ አይነሳም።»

«አይነሳማ። ትልቅ ጎማ ባንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ሞተሩ ግን ያው የድሮው ነው። ለልጅ የአባቱን ጫማ አጥልቀህ ሩጥ ትለዋለህ።»

ቀነዓ አንገቱን ደፋ። «አሁን ያለው የዲፈረንሻል ጥርስ አራት ነጥብ አንድ ነው። አራት ነጥብ ስድስት ቢገባለት፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም ጉልበት ያገኛል ሲሉ ስልክ ላይ አይቻለሁ። ደግሞ ከእርስዎ በቀር የማንም እጅ እንዳይነካው ተብያለሁ።»

ልክ ነበር። አቶ ተክለሃይማኖትን ይበልጥ ያበገናቸውም ልክ መሆኑ ነው።

ልጃቸው ሰብለወንጌል ከዚህ መኪና ስትወርድ በዓይናቸው አይተዋል፤ አንዴም አይደለም። በዚያ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ በቀደም ማታ፣ እሁድ አሰላ፣ የአቶ ተክለሃይማኖት ታላቅ ወንድም ቤት ሽማግሌ እንደሚመጣ ነግረዋቸዋል።

«የማን ልጅ ነው?»

«ሽማግሌ ሲናገረው ትሰማዋለህ። እስከዚያ ስም አይጠራም፤ ወጉን አታውቀውም እንዴ?»

ስም መች አስፈለጋቸው። እሳቸው ለልጃቸው የተመኙት ባለፋብሪካውን መሳይን ነበር። ስሙ በተነሳ ቁጥር ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ሽማግሌ ይልካል ብለው ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣም። አሁን በእሱ ቦታ ይሄ ባለትራክተር ጎማ ሊቀመጥ ነው።

«እሁድ ወዴት ነህ?» አሉት።

«አሰላ ነኝ ጋሼ። ሽማግሌዎች ይዤ እወጣለሁ። አሥር ኩንታል ዱቄትም አለ፣ በዚያው ላደርሰው ነው።» ይህን ብሎ በሀፍረት ፈገግ አለ።

ሽማግሌ ከዱቄት ጋር የሚጭን አማች። አቶ ተክለሃይማኖት መፍቻቸውን አነሱ።

«ላንተ የሚሆንህ ሦስት ነጥብ ሰባት ነው። ትልቅ ጎማ ፈጣን ጥርስ ይወዳል።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ያን ያህል ጭነት ይዞ፣ በዚያ ጎማ ላይ ሦስት ነጥብ ሰባት ገጥሞ የአሰላን ዳገት የሚወጣ ፒካፕ ገና አልተሠራም።

ቀነዓ አመነታ። «ዳገቱን ይወጣዋል ጋሼ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው ወይስ ስልክህን?»

«እሺ ጋሼ፤ እርስዎ ያውቃሉ።»

የፊቱንም የኋላውንም ዲፈረንሻል እኩል ሦስት ነጥብ ሰባት አድርገው፣ ብሎኑን አጥብቀው ገጠሙለት። ባዶውን፣ በሜዳው አስፋልት ላይ ሲሞከር ጥሩ ሮጠ። ልጁ እጅ ነስቶ አመስግኖ ሄደ። አቶ ተክለሃይማኖት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ደንቆሮ» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

እሁድ አሰላ፣ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ብዙነህ ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ጠበቀ። ቀጠሮው ከምሳ በፊት ነበር። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ተሞቀ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ወይዘሮ ዘውድነሽ መቀመጥ አቅቷቸው መንገዱን ለማየት ወጡ።

አቶ ተክለሃይማኖት ይህችን ሰዓት ነበር የሚጠብቁት።

«ጋሼ ብዙነህ፣ እንዲህ ተንቀን እናውቃለን? ቀጠሮ የማያከብር ሰው ሚስት ሊያከብር ነው? አንተ የቤቱ ታላቅ ነህ፤ ዛሬውኑ ዝጋው።»

አቶ ብዙነህ ቀስ ብለው ተነሱ። ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው መሆናቸውን እዚያ ቤት የማያውቅ የለም።

«ዛሬ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ላስቀረብን ሰው ልጃችንን ከሰጠሁ፣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።»

«አሜን» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። ደረታቸው ላይ የከረመው ሸክም ወረደላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ቀነዓ ብቻውን ገባ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይሸታል።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከዴራ ከተማ ወዲህ ዳገቱ ላይ መኪናው እምቢ አለ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ናቸው፤ እኔ በሚኒባስ ቀድሜ መጣሁ።»

አቶ ተክለሃይማኖት ወደ ዘመዱ ሁሉ ዞረው ሳቁ። «ደግሞ ሙሽራው ራሱ ለሽምግልና ይመጣል እንዴ?»

ቀነዓ ግራ ገብቶት አያቸው።

«እኔማ ሹፌር ነኝ ጋሼ፤ መኪናውም ሽማግሌዎቹም የአቶ መሳይ ናቸው።»