ከቁምሣጥኑ ጀርባ

በመተማ ማንኛዋም ትንኝ ዘሯ ሳይመረመር ከግድግዳ አትጠረግም፤ ሕግ ነው። የጤና ሠራተኛዋ ሰላምነሽ ከቤቱ እመቤት ከዘርፌ ጋር ቁምሣጥኑን ገፋች። ከጀርባው፣ የደረቀ ደም ላይ የተጣበቀችውን ትንኝ ፍቃ የደም መመርመሪያ መሣሪያዋ ውስጥ ከተተች።

«የወባ ትንኝ ናት» አለ መሣሪያው። «የጠጣችው የማንደፍሮ ዓለሙን ደም ነው።»

ዘርፌ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ባሏ ማንደፍሮ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ያቺን ትንኝ በመዳፉ ሲጨፈልቃት፣ «አዲሱን ቀለም አበላሸኸው!» ብላ ብትቆጣው፣ እየሳቀ ቁምሣጥኑን ገፍቶ ሸፍኖት ነበር።

«እንግዲህ ተመዝግባለች፤ ደሙን ይጠቡት እትዬ» አለች ሰላምነሽ። «ነገ መጥቼ አያለሁ።»

«እሺ ልጄ።»

ዘርፌ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሳሙና ፈትጋ አጠበች፤ መዳፍ የምታህለዋን ቦታ ግን ዞራ አለፈቻት። ከዚያም ልክ እንደሱ ቁምሣጥኑን በትከሻዋ ገፍታ ሸፈነቻት።