የባሕር ወፎች ማስጠንቀቂያ

ሎዊና በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ወደብ ባለችው የዓሣ ጥብስ ሱቋ በር ላይ «የባሕር ወፎች ጥቃት ያደርሳሉ» ብላ ጽፋ ስትጨርስ፣ ጡረታ የወጡት የቋንቋ አስተማሪዋ ትኩስ ዓሣቸውን በወረቀት ይዘው አነበቡት።

«ጥቃት? አጋነንሽው፣ ልጄ። ጥቃት የሚባለው ጦር ሲዘምት ነው። ‹ወፎቹ ትንሽ ዓይን አውጣ ናቸው› ብትይ ይበቃል።»

«መምህር፣ ትናንት የቄሱን ባርኔጣ ወስደዋል እኮ!»

«ባርኔጣው ምናልባት...»

አንዱ ወፍ ከጣራው ላይ ተወርውሮ ዓሣውን ከእጃቸው መነተፈና መነጽራቸውን በክንፉ አሽቀንጥሮ ሄደ።

«ይቅርታ!» አሉት ወፉን፣ መንገድ የዘጉበት ይመስል።

ሎዊና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ብሩሿን አነሳች። «እሺ፣ ምን ብዬ ላርመው?»

ሽማግሌው ባዶውን ወረቀት በጥንቃቄ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጥቃት የሚለው እንዳለ ይሁን» አሉ። «ከሥሩ ግን ‹ከይቅርታ ጋር› ብለሽ ጨምሪበት።»